ሁለት ሰው ያላየው ወፍ

ኅዳር 8

ለውዱ ልጄ ለድንቢጥ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህን ያብዛልህ፤ እጅህ የያዘው ሁሉ ይቅናልህ። እኔ ከጉልበቴና ከሰፈሩ ወሬ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ጆሮዬ እንደማይረዳኝ ታውቃለህ፤ የልብስ ስፌት መኪና ዕድሜ ልኩን ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ነው። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እናውራ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ በሚያዝያ እመጣለሁ። ፓስፖርቴ ወጥቷል። ሱቁን እዘጋለሁ፤ ሱሪውን የሚያሳጥር ሰው እስክመለስ ድረስ ረዥሙን ይልበስ። ጋሼህ በሕይወት እያለ «አንድ ቀን ሦስታችን በጀልባ ወጥተን የባሕር ወፍ እናያለን» ብለህ የጻፍክለትን እስከ መጨረሻው ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር። እሱ አልደረሰበትም። እኔ ግን እግሬ ሳይከዳኝ ልድረስበት።

የቤታችንን ሕግ መቼም አልረሳህም። ሁለት ሰው ያላየው ወፍ አይቆጠርም። ሕጉን ያወጣው ጋሼህ ራሱ ነው፤ ራሱም ተያዘበት። በወጣትነቱ በመርከብ ሲሄድ አናቱ ላይ ሲዞር ያየውን ያን ነጭ ወፍ፣ ጅራቱ ከመርፌ እንደወጣ ክር ከኋላው የሚንሳፈፈውን፣ ብቻውን ነበርና ያየው እስኪሞት አልቆጠርንለትም። «ባለ ክሩ ደህና ነው?» እያልን ስንስቅበት ኖርን። አንተም ትከሻው ላይ ተቀምጠህ አብረኸን ትስቅ ነበር።

አሁን ተራው የእኔ ሆነ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ከሸክላ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ረግረግ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። አንድም ወፍ አልተቆጠረልኝም። ለሰው ቢያወሩት ያስቃል፤ እኔን ግን አያስቀኝም።

እና የምቆይባትን አንድ ሳምንት እንዳሻህ አዙረኝ፤ አንዱ ቀን ግን የጀልባ ይሁን። ባለ ክሩን አብረን እንየውና ለጋሼህ ይቆጠርለት። አንተ የጀልባ ሞተር የምትጠግን ሰው ነህ፤ ባሕሩ ደጅህ ነው። ጀልባው ምን ያህል እንደሚናጥ፣ በየትኛው ጎን ብቀመጥ እንደሚሻለኝ ጻፍልኝ።

ደህና ዋልልኝ፣ ደህና እደርልኝ።
እትዬ

ኅዳር 29

ለተከበሩ እትዬ፣

እጅዎን እየሳምኩ ሰላም እላለሁ። ዓይንዎ አይፍዘዝብኝ፤ ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡበት ዘመን ይርዘምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም አለ።

እመጣለሁ ያሉትን ሳነብ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። ካፒቴኑ፣ ማለትም ወፍ ለማየት የሚመጡትን ሰዎች በጀልባ የሚያዞረው ጎረቤቴ፣ «ምን ነካህ?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ። ስለ ማረፊያ አያስቡ። ከወርክሾፑ በላይ ያለው ክፍሌ ጥሩ አልጋና ወደቡን የሚያሳይ መስኮት አለው። እኔ ታች ሞተሮቹ መሃል ፍራሽ ዘርግቼ እተኛለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

ዕቅዱን አውጥቻለሁ። በመጀመሪያ የጨው ማምረቻ ኩሬዎቹ ጋ እንሄዳለን። እዚያ ረዣዥም እግር ያላቸው፣ ምንቃራቸው ወደ ላይ የተቆለመመ ወፎች በመንጋ ይውላሉ፤ ብዙ መራመድ የለም፣ ዳር ዳሩን አግዳሚ ወንበር አለ። ቀጥሎ ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበት ቦታ አለ፤ ማዕበሉ ሲሸሽ ጭቃው ላይ የሚለቃቅሙት ወፎች ዓይነታቸው አያልቅም። ከዚያ ደግሞ ከወደቡ ወጣ ብሎ ባሕሩ ውስጥ የገባ ገደል አለ። አፋፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ማየት ይቻላል። በእውነቱ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

ስለ ጀልባው እጠይቃለሁ።

ጉልበትዎን ሐኪም አይቶታል? ደም ግፊትዎስ? ይህን አደራ በደንብ ይጻፉልኝ።

ሰላምዎ ይብዛ።
ድንቢጥዎ

ታኅሣሥ 12

ለድንቢጥ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ በረከት በደጅህ ይፍሰስ። ጉልበቴ ታይቷል፤ ሐኪሙ «እርጅና ነው» አለኝ፤ እኔም «ይህን ለማወቅ ነው የተማርከው?» አልኩት። ደም ግፊቴ ደህና ነው፤ አንተ ካላስነሳኸው።

አንተ ልጅ፣ ስለ ጨው ኩሬ ያን ሁሉ አትተህ ስለ ጀልባው «እጠይቃለሁ» ብቻ? ካፒቴኑ ጎረቤትህ ነው ብለሃል። ከደረጃው ወርደህ ብትጠይቀው አፍህ አይደክምም። እኔ እዚህ ነገሩን ጨርሼዋለሁ። ፋርማሲስቷ ለባሕር ማቅለሽለሽ የሚሆን ክኒን ሰጥታኛለች፤ «ከመሳፈርሽ በፊት ዋጪው፣ አድማሱን እያየሽ ተቀመጪ» ብላኛለች። እሷም ባሕር አይታ አታውቅም፤ ግን አነጋገሯ ያስተማምናል።

ደግሞ የዝናብ ልብስ መስፋት ጀምሬአለሁ። ከድንኳን የተረፈ ቢጫ ሸራ አገኘሁ፤ ውሃ አያስገባም፣ ከሩቅም ይታያል። ሁለት ነው የምሰፋው፤ አንዱ ላንተ። የትከሻህን ልክ ላክልኝ። ድሮ የማውቀው ትከሻ አይሆንም መቼም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። ባለ ክሩን አንተ አይተኸው ታውቃለህ? ስንት ጊዜ ባሕር ላይ ወጥተህ አንድም ቀን አልጻፍክልኝም። ካየኸው መልኩን አንድ በአንድ ንገረኝ። ጋሼህ ያየው እንደ አዲስ ጥጥ ጥርት ያለ ነጭ፣ ምንም ምልክት የሌለበት ነበር። ስንሞግተው እንኳ ከዚያ ቃሉ ፍንክች አላለም።

መልስህን ዓይኔ መንገድ መንገድ እያየ ይጠብቃል።
እትዬ

ጥር 27

ለተከበሩ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ መዘግየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደግሞ እርሳስና ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ሰው ይመጣል፣ ሞተር ይመጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ ያልፋል። ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱስ?

የትከሻዬን ልክ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልዎታለሁ። ትንሽ ሰፋ አድርገው ቢሰፉት ይሻላል።

ባለ ክሩን አይቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከካፒቴኑ ጋር በጀልባ ወጥተን ነበር፤ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ ሰዎቹም ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ወፉ ከድንጋዩ ስንጥቅ ወጣና ከእግሬ ሥር አለፈ፣ ተመልሶም ደግሞ አለፈ። ጅራቱ ጋሼ እንዳሉት ክር ነው፤ ሲዞር ክሩ ዘግይቶ ይዞራል። ምንቃሩ ቀይ ነው። ጀርባው ላይ ግን በቀጭን እርሳስ ደጋግመው ያሰመሩበት የሚመስል ጥቁር ጥቁር መስመር አለው። በጣም ያምራል።

ሆኖም እትዬ፣ ነገሩን ሳስበው ጀልባው በሚያዝያ ጥገና ሊገባ ይችላል። ነፋሱም በዚያን ወቅት አይታመንም። ካፒቴኑ ራሱ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች አይመክርም። የጀልባውን ነገር ለሚመጣው ዓመት ብናስተላልፈው ምን ይመስልዎታል? ወይም ጉዞውን በሙሉ፣ ጉልበትዎ እስኪሻለው ድረስ። እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው።

ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።
ድንቢጥዎ

የካቲት 9

ለድንቢጥ፣

ሰላም ብያለሁ። ደህና ነኝ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ሱቁን ዘግቼ ቁጭ አልኩ።

ልጄ፣ ጀልባ ላይ ያለ ሰው እግሩ ሥር ያለው ውሃ ነው። ወፍ አያልፍበትም። ከጀልባ የሚታየው የወፍ ሆድ ነው፤ ጋሼህም ያየው ሆዱን ብቻ ስለሆነ ነው ጥርት ያለ ነጭ ነው ብሎ ሙጭጭ ያለው። ጀርባው ላይ መስመር ያየ ሰው ከላይ ነው የቆመው። አንተ ባለ ክሩን ያየኸው ከገደሉ አፋፍ ነው። ወፍ ስታይ ያደግክ ልጅ እንዲህ ያለ ውሸት ስትዋሽ ጋሼህ ቢሰማ ከመዋሸትህ በላይ አዋሻሸትህ ያሳፍረው ነበር።

ቀልዴን ነው። አይደለም፣ ቀልዴንም አይደለም። ለምን እንደዋሸኸኝ ሳስብ ነው የዋልኩት። መጀመሪያ «ለሚመጣው ዓመት»፣ ቀጥሎ «ጉዞውን በሙሉ»። ከካፒቴኑና ከሰዎችህ ፊት ጆሮዋ የማይሰማ፣ ጮክ ብላ የምታወራ ልብስ ሰፊ ይዘህ መቅረብ ከብዶህ ይሆን? ከሆነ አልፈርድብህም። ግን በሰበብ አትመልሰኝ። መምጣቴ የሚከብድህ ከሆነ «አትምጪ» በለኝና እዚሁ ረግረጌ ላይ እቀመጣለሁ። ሰበብ ግን አልችልም፤ ያንተን ሰበብ መቀበል አልለመድኩም።

እትዬ

የካቲት 28

ለልጄ፣

መልስህ አልመጣም። ፖስታ ቤት በሄድኩ ቁጥር ሠራተኛዋ ገና ከበር ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ሰው ሁሉ ወረፋውን ትቶ እኔን ያያል።

የባለፈው ደብዳቤዬ ከብዶ ከሆነ ተወው። አፌ እንደ መቀሴ ነው፤ ታውቀዋለህ። ስልክም ደወልኩ፤ አንድ ሰው አነሳና ምን እንዳለ አልሰማሁትም፤ ድምፁ ግን ያንተ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣሁ። ታመህ ይሆን? ቢጫውን ሸራ እጅጌው ላይ ስደርስ አቁሜዋለሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ስለ ጀልባም ስለ ወፍም አልጠይቅህም። ደህና ነኝ ብቻ በለኝ።

እትዬ

መጋቢት 16

ለእናቴ ለእትዬ፣

ደህና ነኝ። አስቀድሜ እሱን ልጻፍ፤ ደህና ነኝ። ስልኩን ያነሳው ካፒቴኑ ነው። «ሴትየዋ ስታለቅስ ሰማሁ» አለኝ። ያን ቀን ነው መጻፍ የጀመርኩት፤ የቀደድኩት ወረቀት ብዛቱ ያሳፍራል።

በእርስዎ አፍሬ አላውቅም። ለሰዎቼ ሁሉ ስለ እርስዎ ከማውራቴ የተነሳ ካፒቴኑ የሱሪውን ዚፕ እንዲያስተካክሉለት አስቀምጦ ይጠብቅዎታል።

እውነቱ ይኸውልዎ። ጀልባ ላይ መውጣት አልችልም። አምና በክረምት መሃል ሞተሩ የቆመበትን ጀልባ ልንረዳ ሦስት ሆነን ወጣን፤ ካፒቴኑ፣ እኔና ገመድ የሚይዘው ልጅ። ረጅሙ ነበር የምንለው፤ ቁመቱ በር አያስገባውም ነበር። ከሩቅ የጀልባው ምሰሶ ሳይሆን እሱ ነው የሚታየው እያልን እንቀልድበት ነበር። ባሕሩ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ክፉ አልነበረም። ረጅሙ ከጎኔ ቆሞ ያወራኛል፤ እኔ ካቻቢቴ ከዕቃ ሳጥኑ ላወጣ ጎንበስ አልኩ። ማዕበል ከጎን መታን። ቀና ስል የለም። ድምፅ እንኳ አልሰማሁም፤ የጀመረው ወሬ መሃል ላይ ነው የቀረው። እስኪመሽ ፈለግን፤ በማግስቱም ፈለግን። ባሕሩ አልመለሰልንም።

ከዚያ ወዲህ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበትን የእንጨት ድልድይ እንኳ መርገጥ አቅቶኛል። ሳንቃው ከሥሬ ሲንቀሳቀስ ዞሬ ወደ መሬቱ እመለሳለሁ። ሞተሩን አውልቀው ወርክሾፕ ድረስ ያመጡልኛል። ካፒቴኑ አንድም ቀን ለምን ብሎኝ አያውቅም። እኔ ገደሉ ላይ እወጣና ባሕሩን አያለሁ፤ ለምን እንደማየው ራሴም አላውቅም። ባለ ክሩን ያየሁት በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ሁልጊዜ ከበታቼ ነው የሚበረው፤ ሆዱን አይቼው አላውቅም።

ልጽፍልዎ ያልቻልኩት ፈሪ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። እርስዎን ጀልባው ላይ ተቀምጠው ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። የእኔ መሞት አይደለም የሚያስፈራኝ። ጎንበስ ብዬ ቀና ስል እርስዎን እንዳላጣዎት ነው።

ይቅር ይበሉኝ።
ድንቢጥዎ

መጋቢት 25

ለልጄ ለድንቢጤ፣

ፈጣሪ የዚያን ልጅ ነፍስ ያሳርፍ፤ ለእናቱም መጽናናትን ይስጥ። አንተንም ስላተረፈልኝ አመሰግነዋለሁ፤ ይህን ማለቴ ለእናቱ ቢከብዳትም።

አልቅሼ ነው የምጽፍልህ፤ እንባው ያበላሸውን ቃል በግምት አንብበው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ይህን ብቻህን መሸከምህ አንጀቴን በላው። እኔም ደግሞ ሳላውቅ «ጀልባው፣ ጀልባው» እያልኩ ቁስልህን ስነካካው ከረምኩ።

አሁን እኔም የእኔን ልንገርህ። እኔ ውሃ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ደርሶብኝ አያውቅም። ለፋርማሲስቷ ቀበጣጠርኩ እንጂ ጀልባ የሚባል ነገር እፈራለሁ። ፈሪ በመሆን ብቻህን እንዳይመስልህ።

ስለዚህ ሁለታችንም ገደሉ ላይ ቁጭ ብንል ይበቃን ነበር። አስቤበታለሁ። ችግሩ ጋሼህ ነው። እሱ ያየው ነጭ ነው፤ አንተ ያየኸው ባለ መስመር ነው። ሁለቱ አንድ ወፍ መሆናቸውን ማን ይመሰክርለታል? አንድ ሰው ከታች ሆኖ ሆዱን፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ጀርባውን፣ ያንኑ ወፍ በአንድ ጊዜ ማየት አለባቸው። ካልሆነ አይቆጠርለትም። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ አንተም ታውቀዋለህ።

እኔ ከጀልባው ልሁን፣ አንተ ከገደሉ። ሁለታችንም ቢጫውን ሸራ እንለብሳለን። ያንተ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ጎንበስ አትበል። የጋሼህን አቅርቦ ማያ መነጽር አመጣልሃለሁ፤ ዓይንህን ከእኔ ሳትነቅል ቁም። እኔም ቀና ባልኩ ቁጥር ቢጫውን አፋፉ ላይ ካየሁት አልፈራም፤ ብፈራም ችዬ እፈራለሁ።

እምቢ ካልክ ቅር አይለኝም። ጨው ኩሬው ጋ ሄደን አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። እምቢታህን ግን በእውነተኛው ስሙ ጻፍልኝ።

እጅጌውን ጨርሼዋለሁ።
እትዬ

ሚያዝያ 4

ለእትዬ፣

ጤናዎ ይብዛልኝ።

እሺ። ይህን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጥቼ ተመልሻለሁ፤ አሁንም እሺ ነው የሚለው።

ካፒቴኑን አናግሬዋለሁ። ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን፣ ከሸራው በላይ ይለብሳሉ፤ እኔ ራሴ ከድልድዩ በፊት መንገዱ ላይ ሆኜ አጥብቄ አስርልዎታለሁ። መሃል ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲቆሙ ካፒቴኑ ክንድዎን ይይዛል። ወፉን ለማየት ብለው ብቻዎን እንዳይነሱ። ነፋስ ከተነሳ ይቀራል፤ ጠዋት ቢነሳም፣ ጀልባው ሊንቀሳቀስ ሲል ቢነሳም ይቀራል። በዚህ አይከራከሩኝ።

በጠዋቱ በረራ ይምጡ። አየር ማረፊያው በር ላይ ቆሜ ያገኙኛል፤ እዚያ ውሃ የለም።

ድንቢጥዎ

ግንቦት 11

ለልጄ ለድንቢጤ፣

በደህና ገብቻለሁ። ሰላም ለቤትህ፣ ሰላም ለካፒቴኑ፤ ዚፑ ካስቸገረው ሻማ ይቀባው። ሱቁን ስከፍት ረዥም ሱሪ የለበሰ ሁሉ ተሰልፎ ጠበቀኝ።

አንተ ከላይ ያየኸውን አንተ ታውቀዋለህ። እኔ ከታች ያየሁትን ግን እዚያ ሳለሁ በቅጡ አልነገርኩህም፤ ሁለታችንም ስለዚያ ቀን አፋችንን ይዘን ነው የሰነበትነው። አሁን በወረቀት ይቀለኛል።

የፋርማሲስቷ ክኒን ገና ወደቡን ሳንለቅ ባሕር ገባ፤ ቁርሴም ተከተለው። አድማሱን እይ የተባለውን ትቼ አንተን ነበር የማየው። ቢጫህ አፋፉ ላይ እንደ አንዲት ቁልፍ ነበረች። አልተንቀሳቀስክም። ካፒቴኑ «ሰው ነው ወይስ ምሰሶ?» አለኝ፤ «ልጄ ነው» አልኩት።

ከዚያ ባለ ክሩ ወጣ። መጀመሪያ አናቴ ላይ መጣ፤ ነጭ፣ ሆዱ ላይ ነጥብ እንኳ የሌለበት ነጭ። ክሩ ተከትሎት ሄደ። ከእኔ ወደ አንተ ዞረ፣ በእግርህ ሥር አለፈ፣ እኔም ክንዴን አነሳሁ፤ ያን ጊዜ ከላይ አንተም ክንድህን ስታነሳ አየሁ። ጋሼህ አጠገቤ ያለ መሰለኝ። አለቀስኩ፤ ለካፒቴኑ ጨው ገባብኝ አልኩት።

ቀጥሎ ጀልባው ከድንጋዮቹ ጀርባ ዞረ። ገደሉ ተጋረደብኝ። ዞረን ስንወጣ አፋፉን ባየው ቢጫው የለም። ልጄ፣ በዚያች ሰዓት የሆንኩትን በወረቀት መግለጽ አልችልም። ወደቀ ብዬ ነው ያሰብኩት። በፍለጋ ዓይኔን ከገደሉ ሥር ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ ገደሉ አመላለስኩት። ካፒቴኑን ክንዱን ይዤ ስጮህበት እሱ ፊቱን ወደ ወደቡ አድርጎ ያያል። ከዚያ በአገጩ አሳየኝ።

ቢጫው የእንጨቱ ድልድይ ጫፍ ላይ ነበር። የመጨረሻው ሳንቃ ላይ። ጀልባው ሲሰወርብህ ያን ሁሉ መንገድ ሮጠህ እንደመጣህ፣ ስንጠጋ ትንፋሽህ ያስታውቅ ነበር። ሳንቃው ከሥርህ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንተ ግን እጅህን ዘርግተህ ጀልባውን ነበር የምታየው። ከጀልባው ስወርድ ክንዴን ያዝከኝ። ደህና ነዎት ወይ አላልከኝም።

«ሆዱ?» አልከኝ።

«ነጭ» አልኩህ። «ጀርባው?»

«ባለ መስመር።»

የት እንደቆምክ ያወቅከው ከዚያ በኋላ ነው። ፊትህ ሲለወጥ አየሁት። ክንድህን ይዤ ቀስ እያልን ወደ መሬቱ ወጣን። ማን ማንን እንደደገፈ እስካሁን አላውቅም።

ለጋሼህ ተቆጥሮለታል። መቃብሩ ድረስ ሄጄ ነገርኩት፤ ስለሳቅንበትም ይቅርታ ጠየቅሁት።

ድልድዩን በየቀኑ ርገጥ አልልህም። የምትችለው ቀን ርገጠው፤ የማትችለው ቀን ደግሞ ገደልህ አለልህ። ብቻ ዝም አትበለኝ። የመጣብህን ሁሉ ጻፍልኝ፤ ክፉውንም።

ትናንት ረግረጉ ጋ ሄጄ ነበር። ዳር ላይ ካለው ሸምበቆ ውስጥ አይቼው የማላውቅ ወፍ ወጣ፤ ደረቱ ብርቱካንማ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ቀለበት ያለበት። ብዙ ቆየልኝ፤ በደንብ አየሁት። ብቻዬን ነበርኩ።

ስለዚህ አልተቆጠረም። ቶሎ ና።

እትዬ